ለአባባ ጓሮ የሚሆን ተዳፋት

ሰኞ፣ ዝናቡ ሊገባ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው

ለተከበሩ አጎቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኛ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብንም።

እስከዚህ ያለውን እናቴ ናት ያስጻፈችኝ። አሁን ልብስ ልታሰጣ ወጥታለች፤ ስለዚህ እውነቱን ልጻፍ። ብዙ ነገር ጎድሎብናል።

መጀመሪያ ራሴን ላስተዋውቅ። የታናሽ እህትዎ ልጅ ነኝ። እርስዎ ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ ድኼ አልጨረስኩም ነበር፤ አሁን አስራ አምስት ዓመቴ ነው፣ በሁለት እግሬ እሄዳለሁ። አባባ «ምላጭ» ይሉኛል። ለምን እንደሚሉኝ ደብዳቤውን ሲጨርሱ ይገባዎታል።

ለምን ስልክ አንደውልም ካሉ፣ የእናትዎ የእማማ ሕግ ነው። ባለፈው እርስዎና አባባ ድንጋይ ያለ ሲሚንቶ ይነጠፋል አይነጠፍም እያላችሁ በስልክ ስትጨቃጨቁ አባባ ስልኩን ወርውረው ግድግዳ አስሳሙት። ግድግዳው የራሳቸው ሥራ ስለሆነ ምንም አልሆነም። ስልኩ ግን የእናቴ ነበር። እማማ ያን ቀን፣ «አባትና ልጅ ከእንግዲህ በወረቀት ተነጋገሩ። ወረቀት ላይ መጮህ አይቻልም» አሉ። ጸሐፊ ሆኜ የተመረጥኩት ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ነው፤ የእናቴ ጽሕፈት የመድኃኒት ማዘዣ ይመስላል።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። አባባ በቀደም የጓሮውን በር ከፍተው ሲወጡ የልብስ እጣቢ ያቦካው ጭቃ አንሸራቷቸው ወደቁ። ዳሌያቸው ተርፏል። ክብራቸው ግን ተጎድቷል፤ ምክንያቱም ዶሮዎቹ አይተዋቸዋል። ከዚያን ቀን ወዲህ ደጅ አይወጡም። መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የጎረቤቱን አጥር ያማሉ። ሐኪሙ «በየቀኑ ይራመዱ» ብሏቸው ነበር፤ «የት?» ብለው መለሱለት። 

ይሄን የሰማችው ትልቋ አክስቴ መጣችና ፈረደች። «ዝናቡ ሲገባ ያ ጓሮ ባሕር ነው የሚሆነው። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ በሩ ላይ ውሃ ካየሁ አባባን ወደ እኔ ቤት እወስዳቸዋለሁ» አለች። የእሷ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው። አሳንሰሩ ሲያሰኘው ይሠራል። በረንዳው አንድ ወንበርና አንድ አበባ ይይዛል፤ አበባው ቀድሞ ገብቷል።

አባባ፣ «እኔ አራተኛ ፎቅ ስወጣ ልገነባው ነው። ሲያልቅ እወርዳለሁ» ብለው መለሱላት። ብቻዬን ሲያገኙኝ ግን፣ «ከዚያ ፎቅ መሬት ይታያል?» ብለው ጠየቁኝ። ይታያል አልኳቸው፤ ትንሽ ሆኖ ነው እንጂ።

እናቴ እንደነገረችኝ እርስዎ የሰው ጓሮ ድንጋይ እያነጠፉ፣ ድንጋይ ላይ ውሃ እያንፎለፎሉ ነው የሚኖሩት። የእኛንስ እንዴት ነው የምናነጥፈው? አባባ ጠይቂው አላሉኝም። «እስቲ ያ ልጅ ምን እንደሚል ለማወቅ ያህል» ነው ያሉት። ለማወቅ ያህል ዛሬ ጠዋት ብቻ ሦስት ጊዜ ብለውኛል።

ወረቀት እንጂ ወሬ ያላለቀባት፣
ምላጭ


እሑድ፣ የሥራ ጓንቴ ማሞቂያው ላይ እየደረቀ

ለእህቴ ልጅ ለምላጭ፣

ሰላምታዬ በጓሮው በር በኩል ቀስ ብሎ ይግባ፤ እንዳያንሸራትተው። እማማን ሁለት ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አባባንም ካልተቆጡ ሳሚልኝ። እናትሽን ስልኩ እንደሚተካ ንገሪያት።

ከሁሉ በፊት ይሄን አንቱታ ተይኝ። አንቱ ስትይኝ ወገቤን ያመኛል፤ ወገቤ ደግሞ በሥራው የሚበቃውን ያህል አለው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ የአንድ ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ጓሮ እያነጠፍን ሳለ ነው። ሰውየው ድንጋይን እንደ ጥርስ ነው የሚያዩት። በሁለት ድንጋዮች መሃል ክፍተት ሲያዩ ፊታቸው ይጨማደዳል፤ አንድ ቀን መስታወት ይዘው ሳይመጡ አይቀሩም ብዬ ስጠብቅ ነበር። ትናንት ሥራው አለቀ። ሐኪሙ በጣም ያረጁ አባታቸውን ደግፈው አውጥተው ንጣፉ ላይ ወንበር አስቀመጡላቸው። ሽማግሌው ድንጋዩን በምርኩዛቸው ቆርቆር አደረጉ፣ ከዚያ ተቀመጡ። አለቃዬ «መዶሻው ይነሣ» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠርቶኝ ነው የሰማሁት።

ስለ እናንተ ጓሮ ልንገርሽ። ጭቃውን ግፈፉና ክንድ የማይሞላ ጥልቀት ቆፍሩ። ጠጠር ሙሉበትና ጠቅጥቁት፤ በእግር አይደለም፣ ከባድ ነገር ይፈልጋል። በላዩ ሁለት ጣት አሸዋ አልብሱት። ከዚያ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንድ በአንድ እያስተኛችሁ በጎማ መዶሻ ምቱት፣ ክፍተቱን በደቃቅ ጠጠር ሙሉት። ሲሚንቶ የለም። አባባ ለምን ካሉ መሬት ዝም ብሎ አይተኛም በያቸው፤ ያብጣል፣ ይወርዳል። ሲሚንቶ ሲሰነጠቅ ያልቅለታል። ያልተጣበቀ ድንጋይ ግን ይነሣና እንደገና ይተኛል።

ዋናው ነገር ተዳፋቱ ነው። ንጣፉ ከቤቱ ግድግዳ በራቀ ቁጥር ዝቅ ማለት አለበት፣ በየእርምጃው አንድ ጣት ያህል። ዓይን አያየውም፤ ውሃ ግን ያየዋል። ይሄን ካልሰጣችሁት የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ውሃው በሩ ላይ ይቆማል፣ ትልቋ አክስትሽ እትዬም መኪናዋን አስነሥታ ትመጣለች።

ዝቅ በሚለው ጫፍ በርሜል ቅበሩ። አፉን በብረት ወንፊት ክደኑትና ድቡልቡል ጠጠር አልብሱት፤ በላዩ መሃሉ የተበሳ ድንጋይ አቁሙ። ትንሽ ፓምፕ እልካለሁ። ውሃው በድንጋዩ አናት ይወጣል፣ በጎኑ ይወርዳል፣ በጠጠሩ መሃል ሾልኮ በርሜሉ ውስጥ ይገባል፣ እንደገና ይወጣል። አባባ ብቻቸውን ሲቀመጡ የሚያዳምጡት ነገር ይኑራቸው።

ምን እንዳሉ ጻፊልኝ። ያሉትን እንዳለ።

ጉልበቱን በፎጣ እየጠቀለለ የሚጽፍልሽ፣
አጎትሽ


ሐሙስ፣ ዝናቡ ሊገባ ከወር በላይ ሲቀረው

ለአጎቴ፣ አንተ በተባልክበት ቀን ወገብህ እንደተሻለው ተስፋ አደርጋለሁ፣

ቤታችን በሙሉ ሰላም ይልሃል፤ ከአባባ በቀር። አባባ ሰላም አይሉህም፣ ግን «ወረቀቱ ደህና ደረሰ?» ብለው ፖስታ ቤት ድረስ ልከውኛል። አንተ ተርጉመው።

ደብዳቤህን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሲሚንቶ የለም የሚለው ላይ ስደርስ የተተካውን ስልክ በዓይኔ ፈለግኩት፤ እናቴ ቀድማ ደብቃዋለች። አባባ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ እማማ ቀደሟቸው። «አንተ ሲሚንቶ ባቦካህ ቁጥር ውሃ የምቀዳው እኔ ነኝ፣ አቧራ የምጠርገው እኔ ነኝ። ሲሚንቶ ከገባ አራተኛ ፎቅ የምወጣው እኔ ነኝ» አሉ።  ሲሚንቶ በዚህ ተሸነፈ።

አንድ ጣት ዝቅ ይበል የሚለው ላይ ግን ተነሡ። ከወንበር ነው የምልህ፣ ያለ ምርኩዝ። አልጋቸው ሥር ገብተው ያንን ረጅም የእንጨት ውሃ ልካቸውን አወጡና ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት። ታውቀዋለህ፣ መሃሉ ላይ በመስታወት ውስጥ አረፋ የምትንሳፈፍበትን። «ይቺን አረፋ አየሻት? ሙሉ ዕድሜዬን ስገነባ ከመሃል ውልፍት ብላ አታውቅም። አሁን ይሄ ልጅ ጠማማ አድርገህ ሥራ ይለኛል» አሉ።

«አባባ፣ ጠማማ አላለም። ተዳፋት ነው ያለው» አልኳቸው።

«ጠማማ ነገር በጨዋ ስም ሲጠራ ነው ተዳፋት የሚባለው» አሉኝ።

ደስ የሚለው ነገር ግን ሥራው ተጀምሯል። ጎረቤታችን ባለጋራዡ አሮጌ አጥሩን አፍርሶ አዲሱን ካቆመ ወዲህ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደጁ ላይ ተቆልሎበታል፤ «ውሰዱልኝ፣ መኪና ማቆሚያ አጣሁ» አለን። ለመጠቅጠቂያ ደግሞ ወፍራም ብረት ቱቦ ጫፍ ላይ በየደልን። እኔና እናቴ እየተቀባበልን እንጠቀጥቃለን። ክንዴ ዛሬ ይሄን ብዕር ማንሣቱ ራሱ ደግነት ነው።

አባባ መጀመሪያ በመስኮት ነበር የሚያዙን። መስኮቱ ጠበባቸውና በሩ ጋ መጡ። በሩም ጠበባቸውና ወንበር ተሸክመን አወጣናቸው። ዶሮዎቹ ሲያዩዋቸው ሸሹ፤ እሳቸውም ይሄን ወደውታል። አሁን ቀኑን ሙሉ ደጅ ናቸው። «እዚያ ጋ አልተጠቀጠቀም» ይላሉ። የት ጋ ስንላቸው፣ «የእናትሽ እጅ የነካበት ቦታ ሁሉ» ይላሉ።

እማማ ስለ ውሃው ጥያቄ አላቸው። «ቧንቧ ከፍታችሁ ስትረሱ የምጮህ ሰው ነኝ፣ አሁን ሆን ብላችሁ ልታፈሱብኝ ነው?» አሉ። ውሃው ወደ በርሜሉ እንደሚመለስ አስረዳኋቸው። አሰብ አድርገው፣ «የሚመለስ ከሆነ ለምን ይወጣል?» አሉኝ። እዚህ መልስ የሚያውቅ ጠፍቷልና ወደ አንተ አስተላልፌዋለሁ።

ክንዷን በጨርቅ ያንጠለጠለችው፣
ምላጭ


ቅዳሜ፣ እዚህ ፀሐይ ናት፣ ሥራ የሚበዛበት ወቅት

ለምላጭ፣ ለክንድሽም ጭምር፣

ደህና ናችሁ ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከጉልበቴ በታች ያለውን ሳልጨምር።

ለእማማ፣ ውሃውም እንደ ሰው ነው፣ ቤት ውስጥ ሲውል ይሸታልና ወጣ ብሎ ይመለስ በያቸው።

ፓምፑን ልኬያለሁ፤ ከቡጢ አይበልጥም። ሽቦውን መሬት ላይ እንዳትተዉት፣ በቱቦ ውስጥ አሳልፉት፣ መብራቱንም የሚያውቅ ሰው ይቀጥለው። ምላጭ የሚያውቅ ሰው አይደለችም።

አባባ ከወንበር ተነሡ ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ፤ ተዳፋቱን። ሲባጎ ስትወጥሩ የቤቱ በኩል ያለው ከፍ፣ የበርሜሉ በኩል ያለው ዝቅ ይበል። ካሰራችሁ በኋላ ደግመሽ እዪው፤ ሲባጎ ሰው ዞር ሲል ቦታ የመቀየር ጠባይ አለው፣ በተለይ እኛ ቤት።

ወደ እናንተ ለመምጣት አለቃዬን ፈቃድ ጠይቄው ነበር። «ቅጠል ሲረግፍ» አለኝ። የእናንተ ዝናብ ቅጠል እስኪረግፍ አይጠብቅም።

ሲያልቅ የጓሮውን ፎቶ ላኪልኝ። አባባ ድንገት መሃል ገብተው ከተገኙ ዞር በሉ እንዳትያቸው።

አጎትሽ


ሰኞ፣ ሰማዩ ፊቱን ማጥቆር ጀምሯል

ለአጎቴ፣ በሩቅ ሆኖ ሁሉን ለሚያይ፣

እንኳን ደስ ያለን። ጓሮው አልቋል፣ ፎቶውም ከዚህ ጋር ነው። መሃል ላይ እንደ ሐውልት የቆሙት አባባ ናቸው። ድንገት ነው የገቡት፤ ድንገት ከመግባታቸው በፊት ጢማቸውን ተላጭተዋል፣ ኮት ቀይረዋል።

ውሃው እንዴት እንደሚያምር ብታየው። ድንጋዩን የበሳው ባለጋራዡ ነው። ውሃው በአናቱ ወጥቶ በጎኑ እየተንሸራተተ ሲወርድ ድንጋዩ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ሁለት ችግር ብቻ አለ። አንደኛው እማማ ናቸው። የሚንፎለፎል ድምፅ በሰሙ ቁጥር ከወጥ ቤት እየሮጡ ወጥተው፣ «ማነው ከፍቶ የተወው?» ይላሉ፤ ነግረናቸዋል፣ ያውቃሉ፣ ጆሯቸው ግን አይታዘዛቸውም። ሁለተኛው አባባ ናቸው። አጠገቡ ሲቀመጡ ድምፁ ሽንት ቤት ያስታውሳቸዋል። ብድግ ይላሉ፣ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ብድግ ይላሉ። ሐኪሙ እንዲራመዱ አዝዞ የለ? ከሐኪሙ ይልቅ ፓምፑ ተሰሚነት አለው።

አሁን ሳልስቅ የምጽፈው ነገር አለ። ሲባጎውን አንተ እንዳልከው አሰርነው፣ ከፍና ዝቅ አድርገን፤ እኔ ራሴ ይዤው ነበር። ሐሙስ ትምህርት ቤት ዋልኩ፣ እናቴ ሥራ ዋለች። ስንመለስ አባባ ባለጋራዡን ይዘው ድንጋዩን ሁሉ አስተኝተውታል። ባለጋራዡ ዓይን ዓይኔን ማየት ፈራ።

«አባባ፣ ተዳፋቱስ?» አልኳቸው።

«ተሰጥቶታል።»

ብይ አመጣሁና ቤቱ በኩል አስቀመጥኳት። እንደተቀመጠች ቀረች። ገፋ አደረግኳት፤ ትንሽ ሄዳ ቆመች።

«አባባ፣ ብይዋ አትወርድም።»

«ደክሟት ነው» አሉኝ።

ውሃ ልኩን ስንት ቦታ እያጋደምኩ አየሁት። አረፋዋ መሃል ላይ ተኝታለች፣ የትም ብወስዳት አትነቃም። እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም፤ ቆንጆ ነው፣ ያ ነው የሚያናድደኝ። ለእናቴ ነገርኳት። «ዝናቡ ይፍረድ» አለች። ዝናቡ ከፈረደ ግን አባባ አራተኛ ፎቅ ናቸው። ቶሎ መልስልኝ፤ ምን ልበላቸው?

ምላጭ


ረቡዕ፣ ዘንቧል

ለአጎቴ፣

ከጻፍኩልህ ዘጠኝ ቀን ሆነ፤ መልስህ ሳይደርስ ዝናቡ ቀደመህ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ወረደ። ጓሮው ውስጥ ሰማይ ተንጣሎ ታየኝ፤ በሩ ድረስ ውሃ፣ ደፉ ጋ የእማማ ነጠላ ጫማ ይንሳፈፋል። ውሃው ወዴትም አይሄድም። የትኛውም ወገን ዝቅ ስላላለለት መሄጃ አጥቶ ቆሟል።

አባባ በሩ ላይ ቆመው አዩት። «መሬቱ ሰምጦ ነው» አሉ።   ከዚያ ራሳቸው ፓምፑን አጠፉና መስኮቱ ሥር ሄደው ተቀመጡ። የጎረቤቱን አጥር አላሙም።

አክስቴ ደውላ ነበር፤ እናቴ መዋሸት አትችልም። እሑድ በመኪና ትመጣለች። ፍራሽ ገዝታለች። አባባ ስለ ፍራሹ ሲሰሙ፣ «ጠንካራ ነው ለስላሳ?» ብለው ጠየቁ። እኔ ከአባባ እንዲህ ያለ ለዘብ ያለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም፤ አልወደድኩትም።

ምላጭ


እሑድ፣ ፎቶው ፊት ለፊቴ ተደግፎ

ለምላጭ፣

ሰላም ለቤቱ ይሁን። ፎቶው ደረሰኝ፣ የብይዋም ነገር። ስቄ ስቄ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ በር አንኳኳብኝ። ከዚያ ዝናቡ ትዝ አለኝና ሳቄ ቆመ። ይሄ ወረቀት ከዝናቡ በፊት ይድረስሽ።

አባባን ተሳስተዋል እንዳትያቸው። ግንበኛ ናቸው። ቀጥ ያላለ ግድግዳ ይወድቃል፣ የሰው ልጅም ሥሩ አለ፤ እጃቸው አረፋዋን ከመሃል ማስወጣት እምቢ ቢላቸው አይገርምም። እዚህ ግድግዳ የሚቆምበት ቀን አለቃዬ ከሁሉ እኔን ነው የሚጠራኝ። «አንተ የሠራኸውን አልለካም» ይላል። እጄ የማን እንደሆነ እሱ አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ።

ስለዚህ አረፋዋን አናስቀይማት። ውሃ ልካቸው የአንድ እርምጃ ርዝመት አለው። አንድ ጣት ውፍረት ያለው ቁራጭ እንጨት ፈልጉና በአንዱ ጫፍ ሥር እሰሩት። ድንጋይ ስትለኩ እንጨት የታሰረበት ጫፍ ሁልጊዜ ወደ በርሜሉ ይሁን። አሸዋውን እያጎደላችሁ፣ ድንጋዩን እየመታችሁ አረፋዋን መሃል አስቀምጧት። እሷ መሃል ስትሆን ድንጋዩ በእንጨቱ ልክ ዝቅ ብሏል። አባባ እንደ ልማዳቸው አረፋዋን መሃል ያድርጉ፤ የቀረውን እንጨቱ ይሠራዋል።

ድንጋዩን ማንሣት አይከብድም። ያልተጣበቀ ነገር ነው።

የጥርስ ሐኪሙን ጓሮ ስንሠራ እኔም እንዲህ ነው የለካሁት በያቸው። እትዬን ግን ምንም እንዳትያት፤ እሷ ሲነግሯት አይገባትም፣ ስታይ ነው።

አጎትሽ


ማክሰኞ፣ ዝናብ አባርቶ

ለአጎቴ፣ ለደረሰልን በጊዜው ባይሆንም በሰዓቱ፣

ሁላችን ደህና ነን፤ ይሄኛውን ማንም አላስጻፈኝም።

ዝናቡ ሳይጥል የጻፍከው ደብዳቤ ዓርብ ደረሰ፣ አክስቴ ልትመጣ ሁለት ቀን ሲቀራት። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ስጨርስ አባባ፣ «እስቲ የእንጨቱን ነገር ድገሚው» አሉ። ደገምኩት። «ከእሱ በላይ ያለውን» አሉ። ከእሱ በላይ ያለው የእጁ ነገር ነው። እሱንም ደገምኩት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ንጹሕ መነጽር ነበር።

ከዚያ፣ «ምላጭ፣ ቁራጭ እንጨት ፈልጊ» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ስነሣ አባባ ቀድመውኝ ጓሮ ናቸው። አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጠው የመጀመሪያውን ድንጋይ በብረት ፈልቅቀው አንሥተዋል። ባለጋራዡ መጣ፣ እናቴ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ እኔ አሸዋ ጠረግኩ። ድንጋዮቹ እየተነሡ ወጡ፣ አንድም አልተሰበረም። አባባ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ በርጩማቸውን እየጎተቱ ውሃ ልኩን ራሳቸው ያጋድማሉ። «ምታ» ይላሉ፤ ባለጋራዡ ይመታል። «ጨምር። በቃ።» አረፋዋ መሃል ትመጣለች፣ አባባም ቀና ይላሉ። አንዴ ብይዋን ከኪሴ አውጥቼ ለቀቅኳት። ተንከባልላ በርሜሉ ጠጠር ውስጥ ገባች፣ እስካሁን አልተገኘችም። አባባ አይተዋታል፤ ደከማት አላሉም።

እሑድ አክስቴ መጣች። ሰማዩ ሆን ብሎ ይመስላል ጥርት ብሏል።

«ደርቋል ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም» አለች። «ባልዲ አምጪ።»

ባልዲ ሙሉ ውሃ ተሸክማ ተረከዘ ረጅም ጫማዋን እንዳደረገች በሩ ላይ ቆማ ደፋችው።  ውሃው በሩ ሥር ትንሽ አመነታ፣ ዞረ፣ ከዚያ በድንጋዮቹ መሃል እየሾለከ ወደ ታች ሄደ፣ በርሜሉ ጋ ደረሰና ጠፋ። አክስቴ ባዶ ባልዲ ይዛ ታያለች። «ድገሚ» አለችኝ። ደገምን። አሁንም ሄደ። ለሦስተኛው ስትዘጋጅ እማማ፣ «አንቺ ልጅ፣ ውሃ ጨረስሽብን» አሉ።

አክስቴ ጫማዋን አወለቀች። በባዶ እግሯ ድንጋዩ ላይ ዞር ዞር አለች፣ ውሃው ድምፅ ጋ ሄደች፣ ተቀመጠች። ከዚያ፣ «ፍራሹን ለእንግዳ አደርገዋለሁ» አለች። አባባ ከኪሳቸው መሃረብ አውጥተው ውሃ ልካቸውን መወልወል ጀመሩ። ከንፈራቸው ለሳቅ ተይዞ ነበር፤ አጠገባቸው ስለነበርኩ አይቻለሁ። ሰኞ ደግሞ እውነተኛው ዝናብ ወረደ። ሁላችን በሩ ላይ ተደርድረን ውሃው ሲሄድ አየነው፤ እንደ ሲኒማ።

ይሄን ደብዳቤ ዛሬ ጠዋት ልልከው ነበር። እንኳንም አልላክኩት፤ ዛሬ የሆነውን አትሰማም ነበር።

ከሰዓት በኋላ አክስቴ ሳትናገር መጣች። ወንበሩ ባዶ ነው፤ መስኮቱ ሥር የሉም፣ አልጋቸው ላይ የሉም፣ ሽንት ቤትም የሉም። «አባቴን የት አደረጋችሁት?» ብላ ቤቱን ገለበጠችው። እማማ እንኳ መሄዳቸውን አላዩም። በመጨረሻ የመዶሻ ድምፅ ሰማንና ተከትለን ሄድን። ባለጋራዡ ግቢ ናቸው። የመኪና ማቆሚያውን ሊያነጥፉለት ነው፤ አባባ በርጩማቸው ላይ፣ ውሃ ልካቸው ሥር ቁራጯ እንጨት እንደታሰረች። ምርኩዛቸውን እኛ ቤት ረስተውታል።

አጥሩ ጋ ቆምን። ባለጋራዡ እየመታ፣ «ግን አባባ፣ ይሄን የእንጨት ዘዴ ከየት አመጡት?» አላቸው።

«ልጄ ነው ያሳየኝ» አሉ።

ባለጋራዡ ራሱን ነቀነቀ። አባባ አረፋዋን ትንሽ አዩና፣ «መዶሻ አያያዝ ያሳየሁት ግን እኔ ነኝ። በል ምታ» አሉት።

ጣቷ አሸዋ አሸዋ የሚለው፣
ምላጭ